ተዋጊ ጄት የሚያስተምር ስኳድሮን፦ አውሮፕላኑ ከመጣ በኋላ ያለው ረጅም ሥራ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከፊቱ ጭነት የከበደው ተሳቢ ካጋጠመው ተሳፋሪው ተስፋ ቆርጦ እንቅልፉን ይለጥጣል። በቀጥታ መስመር ግን ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት ከ12 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ተዋጊ ጄት ይህን ርቀት በ50 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። አንዱ ከደሴ፣ ሌላው ከኮምቦልቻ ተነስተው ሁለት ጄቶች ፊት ለፊት ቢመጡ ደግሞ 25 ሰከንድ ሳይሞላ ይተላለፋሉ። በእነዚያ 25 ሰከንዶች ውስጥ አብራሪው የመጣውን ማየት፣ ወዳጅ ይሁን ጠላት መለየት፣ ከላይ ልግባ ከታች ብሎ መወሰን፣ መሣሪያውን ማሰናዳት፣ የቀረውን ነዳጅ ማስላት፣ ጓዱ የት እንዳለ ማወቅ ይጠበቅበታል።

ማንም ሰው ይህን ችሎ አይወለድም። ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ውስጥ ስለ ተዋጊ ጄት የሚከራከሩ ወጣቶችን ብዙ ጊዜ አዳምጣለሁ። ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ብረቱ ነው፤ የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ሚሳይል ሩቅ ይሄዳል፣ የማን አገር ስንት ገዛ። አብራሪውን ማን እንዳስተማረው፣ የት እንዳስተማረውና በምን እንዳስተማረው የሚጠይቅ አይገኝም። ነገር ግን የአየር ኃይል ጥንካሬ የሚለካው በዚህ ጥያቄ ነው። ለዚህ ሥራ ብቻ የቆመ ክፍልም አለ፤ ስሙ የሥልጠና ስኳድሮን ይባላል።

መጀመሪያ ስኳድሮን የሚባለውን እናውቀው። ስኳድሮን የአየር ኃይል መሠረታዊ የሥራ ክፍል ነው። በተዋጊ ጄት በኩል አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 አውሮፕላን ይይዛል፤ አዛዡ በብዙ አገሮች ሌተና ኮሎኔል ነው። በውስጡ አውሮፕላኖች በአራት አራት ተከፍለው ይበራሉ፤ አራቱም እንደገና ጥንድ ጥንድ ናቸው። በጥንዱ ውስጥ አንዱ መሪ ነው፣ ሌላው የመሪውን ጀርባ ይጠብቃል። አንድ ጄት ብቻውን ወደ ውጊያ አይላክም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የበርካታ ስኳድሮኖች ስብስብ ደግሞ በላዩ ሌላ አዛዥ አለው። ሰው የሚዘነጋው ነገር ቢኖር ስኳድሮን ማለት አብራሪዎች ብቻ አለመሆናቸውን ነው። ከአንድ አብራሪ በስተጀርባ የሞተር፣ የኤሌክትሪክ፣ የመሣሪያ፣ የሬዲዮ፣ የመቀመጫና የጃንጥላ ባለሙያዎች አሉ፤ ቁጥራቸውም ከአብራሪዎቹ እጅግ ይበልጣል።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጡረተኛ የአየር ኃይል ቴክኒሻን አውቃለሁ፤ ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። አስፋልት ላይ ሲሄዱ ዓይናቸው ከመሬት አይነሳም። ምስማር ወይም ብሎን ካዩ ጎንበስ ብለው አንስተው ኪሳቸው ይከቱታል። «ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምንም አልጠፋብኝም ልጄ፤ ሥራ ላይ የለመድኩት ነው» አሉኝ። ጄት በሚነሳበት ሰፈር ጠዋት ጠዋት ቴክኒሻኖች ጎን ለጎን ተሰልፈው ማኮብኮቢያውን እያዩ ይሄዳሉ፤ ጠጠር፣ ሽቦ፣ የወደቀ ብሎን ይለቅማሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እሳቸው ሲጠግኑት የነበረው ኤፍ-5 የሚባለው ተዋጊ ጄት ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በደቂቃ 16,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚያ ፍጥነት የሚዞሩ ስስ የብረት ቅጠሎች አንዲት ብሎን ብትገባባቸው አንዱ ይሰበራል፤ የተሰበረው ሌላውን ይመታል፤ ሞተሩ ያልቃል። የስኳድሮን ሕይወት ከሰማይ ይልቅ መሬት ላይ እንደሚያልፍ የገባኝ ከእሳቸው ጋር ስጨዋወት ነው።

ደሴ ይህን ታሪክ ከታች ሆና አይታዋለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ወደዚህ አዛውረው ስለነበር ከተማዋ ዋና ዒላማ ሆነች። የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ጭምር ተመቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአንድ ኦርሊኮን ፀረ አውሮፕላን መድፍ ኋላ ሆነው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። በዚያ ጦርነት የሙሶሊኒ ሁለት ልጆች፣ ብሩኖና ቪቶሪዮ፣ በአብራሪነት ተሰልፈዋል፤ አማቹ ጋሌያትሶ ቻኖ ደግሞ «ላ ዲስፔራታ» የሚባለውን የቦምብ ጣይ ስኳድሮን ይመራ ነበር። ለእነርሱ ጦርነቱ የስም ማውጫ ሜዳ ነበር፤ ሰማዩ ላይ የሚገዳደራቸው አልነበረምና።

ለምን አልነበረም? ኢትዮጵያ አውሮፕላን አልነበራትም ማለት ትክክል አይሆንም። የመጀመሪያው ፖቴ-25 በፈረንሳዊ አብራሪ እየተነዳ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ጦርነቱ ሲመጣ ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን አነስተኛውን አየር ኃይል መራ፤ እሱና ጓዶቹ መልእክትና መድኃኒት ይዘው በአዲስ አበባና በጦር ግንባሩ መካከል ይመላለሱ ነበር። አውሮፕላኖቹ ጥቂት፣ አዝጋሚና ለውጊያ ያልተሠሩ ናቸው። ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚያች ኅዳር አንድ ለጋስ መንግሥት ሃያ ዘመናዊ ተዋጊ አውሮፕላኖች ቢሰጠን እንኳ የሚያነሳቸው ሰው አልነበረም። አብራሪ በየዓመቱ የሚያወጣ፣ ያወጣውን በውጊያ ስልት የሚያሠለጥን ቤት አልቆመም። ጣሊያን ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ሲገባ በአየር በኩል የተሸነፍነው በብረት ብቻ አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ የተሠራው ሥራ ይህን የተረዳ ይመስላል። በ1938 ዓ.ም. አካባቢ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ኢትዮጵያን የረዳው ሰው፣ አዲሱን አየር ኃይል እንዲያደራጅ ተጋበዘ። ቢሾፍቱ ላይ የተጀመረው በትምህርት ቤት ነው። ሳፊር የምትባል ቀላል የስዊድን አውሮፕላን የጀማሪዎች መማሪያ ሆነች፤ ሳብ-17 ቦምብ ጣዮች ተከተሉ። ኋላም ከአሜሪካ ቲ-28 የሚባለው ባለ ፒስተን ሞተር መለማመጃና ቲ-33 የሚባለው ባለ ሁለት መቀመጫ ጄት መጡ። ኤፍ-86 ተዋጊ ጄት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲደርስ የሚቀበሉት ልጆች መሰላሉን ወጥተው ጠብቀውታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አራት ኤፍ-86 ጄቶቻችን በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ኮንጎ ዘምተዋል። ትምህርት ቤቱ ያፈራው ፍሬ ይህ ነበር።

መሰላል ያልኩት የሥልጠናውን ደረጃ ነው። ምልምሉ በቀላል አውሮፕላን መነሳትና ማረፍ ይማራል፤ ቀጥሎ ወደ ጄት መለማመጃ ይሸጋገራል፤ ከዚያ ክንፍ ተሸልሞ ይመረቃል። ብዙ ሰው ነገሩ እዚህ ያበቃል ብሎ ያስባል። ምሩቁ ግን መንጃ ፈቃድ በእጁ ይዞ የጫነ ተሳቢ ሐረጎ ላይ ነድቶ የማያውቅን ሹፌር ይመስላል። ማብረር ይችላል፤ መዋጋት አይችልም። ሊዋጋበት የተመደበውን የአውሮፕላን ዓይነት ጠባይም አያውቅም። በምረቃና በጦር ግንባር መካከል ያለውን ይህን ክፍተት የሚሞላው የሥልጠና ስኳድሮን ነው። ከውጭ ሲያዩት የውጊያ ስኳድሮን ይመስላል፤ አውሮፕላኖቹ ያው ናቸው፣ መሣሪያውም ያው ነው። ልዩነቱ ብዙዎቹ አውሮፕላኖች ሁለት መቀመጫ ያላቸው መሆናቸውና የክፍሉ አብራሪዎች ግማሽ መምህር፣ ግማሽ ተማሪ መሆናቸው ነው።

ትምህርቱ ውስጥ ሰውነትን የሚፈትን አንድ ነገር አለ፤ አብራሪዎች ጂ ይሉታል። ጄት በኃይል ሲታጠፍ አብራሪው ወደ መቀመጫው ይጫናል። አንድ ጂ መሬት ላይ ቆመን የምንሸከመው የራሳችን ክብደት ነው። በሰባት ጂ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አምስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት እንደቀረው ሆኖ ይሰማዋል። ራሱና የራስ ቁሩ አንድ ላይ ሰባት ኪሎ ቢሆኑ አንገቱ 49 ኪሎ ይሸከማል። ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ይሸሻል፤ መጀመሪያ ቀለም ይጠፋል፣ ቀጥሎ የዓይን ዳር ዳር ይጨልማል፣ ከዚያ ሰውየው ራሱን ይስታል። ይህን ለመቋቋም አብራሪው ጭኑንና ሆዱን አጥብቆ ይይዛል፤ በየሦስት ሰከንዱ ገደማ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ትንፋሽ ይወስዳል፤ የለበሰውም ልዩ ልብስ አየር ተሞልቶ እግሩንና ሆዱን ይጨብጥለታል። ይህን ሁሉ እያደረገ አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ጠላቱን ማየት አለበት። ወንበር ላይ ተቀምጦ በማንበብ የሚገኝ ችሎታ አይደለም፤ ሰውነት ደጋግሞ መልመድ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ሂሳብ ነው። በሰዓት 740 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በአምስት ጂ ቢታጠፍ የሚሠራው ክብ ከመሐል እስከ ዳር 900 ሜትር ያህል ይሆናል። ደሴ ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ባለው ሸለቆ፣ ይህ ክብ እንደምንም ይገባ ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ብቻ ቢጨምር ግን በዚያው ጂ ክቡ ከእጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ተራራው ይመጣል ማለት ነው። ጀማሪ አብራሪ ፍጥነት ሁልጊዜ ይጠቅመኛል ብሎ ያምናል። መምህሩ የሚያስተምረው ፍጥነት ገንዘብ መሆኑን ነው፤ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚቆጠብ ማወቅ ያስፈልጋል። ከፍታን በፍጥነት፣ ፍጥነትን በመታጠፍ የመለወጥ ይህ ስሌት የአየር ውጊያ ልብ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን ከበረራው በኋላ ያለው ነው። አንድ ሰዓት ለሚሆን በረራ ግምገማው ሁለት፣ ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። መምህርና ተማሪ ሰሌዳ ፊት ቆመው የበረራውን እያንዳንዱን መታጠፍ ይስላሉ፤ ማን መጀመሪያ አየ፣ ማን ዘገየ፣ ለምን ዘገየ። በጥሩ ስኳድሮኖች ማዕረግ ከዚያ ክፍል በር ላይ ይቀራል፤ መቶ አለቃው የኮሎኔሉን ስህተት ፊት ለፊት ይናገራል። በእኛ ባህል ይህ ቀላል አይደለም። ይሉኝታ የሚባለው መልካም ጠባያችን እዚህ ክፍል ከገባ ሰው ይገድላል፤ ዛሬ በአክብሮት የታለፈ ስህተት ነገ በአየር ላይ ይደገማልና።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ የሥልጠና ስኳድሮን ልውሰዳችሁ። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ዊልያምስ የሚባል የአየር ኃይል ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 እዚያ አንድ የሥልጠና ስኳድሮን ተቋቋመ፤ ሥራው ኤፍ-5 የሚባለውን ጄት ለሌሎች አገሮች አብራሪዎች ማስተማር ነው። ኤፍ-5 አሜሪካ በዋናነት ለወዳጆቿ የሠራችው፣ ቀላል፣ ለጥገና የማያስቸግርና ዋጋው የማይከብድ ተዋጊ ጄት ነው። ቲ-38 የሚባለው የጄት መለማመጃም ከእሱ ጋር ከአንድ ንድፍ የወጣ ወንድሙ ነው፤ በቲ-38 የተማረ ልጅ ኤፍ-5 ውስጥ ሲገባ ብዙ አይደነግጥም። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራው ለ425ኛው ስኳድሮን ተላለፈ።

የ425ኛው ስኳድሮን የቀድሞ ታሪክ ከማስተማር ጋር ዝምድና የለውም። የተቋቋመው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ በሌሊት የሚዋጋ ክፍል ሆኖ ነው። ፒ-61 የሚባለውን፣ «ጥቁር መበለት» በተባለችው መርዘኛ ሸረሪት ስም የሚጠራውን አውሮፕላን ይዞ አውሮፓ ዘመተ፤ ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 ፈረሰ። ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ቁጥሩና ዓርማው ለአሪዞናው ትምህርት ቤት ተሰጠ። የአሜሪካ አየር ኃይል እንዲህ ያደርጋል፤ ክፍል ሲፈርስ ቁጥሩ አይሞትም፣ ታሪኩን ይዞ ሌላ ሥራ ይጠብቃል። ኤፍ-5ኢ የሚባለው የተሻሻለው ዓይነት ሲወጣም እ.ኤ.አ. በ1973 መጀመሪያ ከተረከቡት መካከል ተዋጊ ክፍሎች ሳይሆኑ ይኸው የትምህርት ስኳድሮን ነበር። መጀመሪያ መምህሩ ይማራል፣ ቀጥሎ ተማሪው፣ በመጨረሻ ጦሩ። ኤፍ-5 ያገኙ አገሮች አብራሪዎቻቸውን ወደ አሜሪካ ይልኩ ነበር፤ ኢትዮጵያም ኤፍ-5ኤን በ1958 ዓ.ም. አካባቢ ከተቀበለች ጀምሮ ልጆቿን አሜሪካ አስተምራለች።

ከአሜሪካ የተመለሰ አብራሪ ግን አገር ቤት ሲደርስ አንድ ነገር እንደገና መማር ነበረበት፤ ከፍታን። ዊልያምስ ከባሕር ወለል በላይ 420 ሜትር ገደማ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር፣ የእኛ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ 1,850 ሜትር ገደማ ናቸው። በኮምቦልቻ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ 17 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተሩ የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል፣ ክንፉም ለመነሳት ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። በባሕር ዳርቻ በሰዓት 275 ኪሎ ሜትር ለማረፍ የሚጠጋ ጄት ኮምቦልቻ ላይ ወደ 300 ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ግን በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ኤፍ-5 ሲያርፍ ከጭራው የሚለቀው ጃንጥላ ለዚህ ነው። እርግጥ አሪዞና በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚግል አየሯ እዚያም ይሳሳል፤ የኮምቦልቻ ቀትርም ለአብራሪ ወዳጅ አይደለም። በጠዋት መብረር የሚመረጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በዚያው ዘመን አሜሪካኖች ሌላ ዓይነት የሥልጠና ስኳድሮን ፈጠሩ፤ ጠላት ሆኖ የሚጫወት ስኳድሮን። መነሻው ቬትናም ላይ የገጠማቸው ኀፍረት ነው። ሚሳይል ስላለን የቅርብ ርቀት ውጊያ ያበቃለት ነገር ነው ብለው ሥልጠናውን ችላ ብለው ነበር፤ በቬትናም ሰማይ ግን ሚግ የሚባሉ አነስተኛና ቀልጣፋ የሶቪየት ጄቶች አስቸገሯቸው። የባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1969 ቶፕ ገን የሚባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የአየር ኃይሉም እ.ኤ.አ. በ1972 ኔቫዳ ውስጥ 64ኛውን ስኳድሮን ሚግን የሚመስል «ጠላት» አድርጎ አሰማራ። መጀመሪያ በቲ-38፣ ቀጥሎ በኤፍ-5ኢ። ኤፍ-5 የተመረጠው መጠኑና አታጣጠፉ ከሶቪየቱ ሚግ-21 ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ከእነዚህ ጄቶች ብዙዎቹ ለደቡብ ቬትናም ተሠርተው ሳይገን እ.ኤ.አ. በ1975 ስትወድቅ ተቀባይ ያጡ ነበሩ። የዚህ አስተሳሰብ መሠረት ቀላል ነው፤ አዲስ አብራሪ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አሥር ግዳጆች ውስጥ ነው። እነዚያን አሥር ግዳጆች በአገሩ ሰማይ፣ ማንም ሳይሞት እንዲያልፋቸው ማድረግ ከተቻለ የቀረው በልምዱ ይመጣል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ይዞራል። አሜሪካዊው ኤፍ-5ን ይዞ ሚግ-21ን እያስመሰለ በሚጫወትበት ጊዜ ኢትዮጵያዊው ኤፍ-5ን ይዞ እውነተኛውን ሚግ-21 ገጠመ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ የአየር ኃይሉ ሚግ-17ና ሚግ-21 ነበረው፤ አብራሪዎቹን ሶቪየቶች አሠልጥነዋል። የእኛ ኤፍ-5ኢዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በወረቀት ላይ ቢቆጠር ሚዛኑ ወደ ሶማሊያ ያደላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የኦጋዴን ሰማይ በኢትዮጵያ አየር ኃይል እጅ ገባ። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ሚግ-21 በቀጥታ ሲሮጥ ይፈጥናል፤ በኃይል ሲታጠፍ ግን ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፉ ፍጥነቱን ቶሎ ይበላበታል፣ አብራሪውም ወደ ኋላ በደንብ አያይም። ኤፍ-5ኢ በመካከለኛ ፍጥነት ሲታጠፍ ይመቻል። ካራማራ ላይ የነበረው ራዳር የጠላትን አመጣጥ ይነግር ነበር። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ሥልጠናውን አስቀምጣለሁ፤ አብራሪዎቹ ዓመታት በዚያ መሰላል ላይ የወጡ ስለነበሩ የጄታቸውን ጥንካሬና ድካም ያውቁ ነበር፤ ጠላታቸውን ወደሚመቻቸው ፍጥነት ማውረድ ችለዋል።

ከእነርሱ አንዱ ለገሰ ተፈራ ናቸው። የጠላት አውሮፕላኖችን መትተው ጥለዋል፤ ኋላ የራሳቸው ጄት ተመትቶ ተማረኩ፤ 11 ዓመት ያህል ሶማሊያ ታስረው በ1980 ዓ.ም. ተለቀቁ። የኅብረተሰብአዊት ኢትዮጵያ ጀግና ተብለው ተሸልመዋል። በመማረካቸው አገሪቱ አንድ ጄት ብቻ አይደለም ያጣችው፤ ገንዘብ ተገኝቶ እንኳ በጥቂት ዓመት የማይተካ ዕውቀት አጥታለች።

ጎበዝ አብራሪ ይዋጋ ወይስ ያስተምር የሚለው ጥያቄ የጦር አዛዦችን ሁልጊዜ ያስጨንቃቸዋል። ጦርነት ሲፋፋም ጎበዙን አብራሪ ከግንባር አንስቶ መምህር ማድረግ ያንገበግባል፤ እዚያው ቢቆይ ዛሬ ጠላት ይመታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ የተሳካላቸውን አብራሪዎች ወደ አገር ቤት እየመለሰች ተማሪ እንዲያወጡ አደረገች። ጃፓን ግንባር ላይ አቆየቻቸው፤ እነርሱ ሲያልቁ የተኳቸው ልጆች በጥቂት ሰዓት በረራ የተላኩ ነበሩ። ጀርመን ስታሊንግራድ የተከበበውን ጦሯን ለመቀለብ ስትል ከበረራ ትምህርት ቤቶቿ አውሮፕላኖችና መምህራን ወሰደች፤ ብዙዎቹም አልተመለሱም። ከዚያ በኋላ የሚያስተምር ሰው ማግኘት ራሱ ችግር ሆነባት።

ኢትዮጵያም በኦጋዴን ጦርነት መካከል ሌላ ፈተና ገጠማት፤ ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት መሸጋገር። ሚግ-21ና ሚግ-23 ሲመጡ የአሜሪካ ትምህርት የቀሰሙ አብራሪዎች እንደገና ተማሪ ሆኑ። ለምደው የነበረው ከፍታን በጫማ፣ ፍጥነትን በኖት ማንበብ ነው፤ የሶቪየቱ መሣሪያ በሜትርና በኪሎ ሜትር ይናገራል። የመምህሩ ቋንቋ ሩሲያኛ፣ መጽሐፉም ሩሲያኛ። እጅ ያለማሰብ የሚያደርገውን ነገር ከአእምሮ ነቅሎ አዲስ መትከል አንድን ጀማሪ ከማስተማር ይከብዳል ይላሉ ያወቁት። ሆኖም የድሮው መሠረት አልባከነም፤ መታጠፍን፣ ነዳጅን፣ የጓድን ጀርባ መጠበቅን የተማረ ሰው የመለኪያው ፊደል ቢቀየርበትም ሥራውን አይረሳም። ኋላ ኤል-39 የሚባለው የቼኮዝሎቫኪያ ጄት ለመለማመጃነት ገባ፤ የድሮው የቲ-33 ቦታ ለእሱ ተለቀቀ።

425ኛው ስኳድሮንም አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1989 የኤፍ-5 ትምህርቱ አበቃ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 መጨረሻ እዚያው አሪዞና፣ ሉክ በሚባል ሰፈር፣ የሲንጋፖርን አብራሪዎች በኤፍ-16 እንዲያሠለጥን እንደገና ተቋቋመ። ሲንጋፖር ሀብታም ናት፤ ጄት መግዛት አያቅታትም። ያጣችው ሰማይ ነው። ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር የምትሆን ደሴት በመሆኗ ጄት ከተነሳ ሦስት ደቂቃ ከመንፈቅ ሳይሞላ ወሰን ይሻገራል። ሉክ አጠገብ ያለው የጎልድዋተር የልምምድ ሜዳ ግን 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሲንጋፖርን ስፋት አሥር ጊዜ ያህል ይሆናል። ስለዚህ የሲንጋፖር አብራሪዎች በሲንጋፖር ጄቶች፣ በአሜሪካ ሰማይ፣ ከአሜሪካውያንና ከአገራቸው መምህራን ይማራሉ። አየር ኃይል የሚጎድለው ሁልጊዜ ብር አይደለም፤ አንዳንዴ ቦታ፣ አንዳንዴ መምህር፣ አንዳንዴም ሰዓት ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር ኃይል ሱ-30 ተዋጊ ጄት መረከቡን ሲያስታውቅ ፒያሳ ላይ የነበረው ክርክር እንደገና ስለ ፍጥነትና ስለ ሚሳይል ሆነ። ሱ-30 ግን ከጥንስሱ ሁለት መቀመጫ ያለው ሆኖ የተሠራ ነው። የኋላው መቀመጫ በጦርነት ጊዜ ራዳርና መሣሪያ የሚቆጣጠር ሰው ይቀመጥበታል፤ በሰላም ጊዜ መምህር። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ቴክኒሻኑ ሳቅ ብለው «እሱ መቀመጫ ባዶ እንዳይውል ነው እንጂ ሌላው ይመጣል» አሉ፤ ወዲያው ጎንበስ ብለው ከአስፋልቱ ላይ አንድ ምስማር አነሱ።